ድምፁ የጠፋ ፊደል፦ የእንግሊዝኛ አጻጻፍና የጎንደር ተማሪ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ ከደባርቅ ወይም ከዳባት ገጠር የመጣ፣ በአማርኛ ማንበብ የለመደ ተማሪ ፊዚክስንም ሥነ ሕይወትንም የሚከታተለው አጻጻፉ ከንባቡ በማይገጥም ቋንቋ ነው።

ያለመግጠሙ ምክንያት ታሪካዊ ነው። እንግሊዝኛ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ብሪታንያ ከተሻገሩት ከአንግሎችና ከሳክሶኖች ቋንቋ የበቀለ ሲሆን፣ ከ1066 እ.ኤ.አ. የኖርማኖች ድል በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ገቡበት። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያ ሲያቋቁም የአናባቢዎቹ ድምፅ ገና በመለወጥ ላይ ነበር። ኅትመት አጻጻፉን እያጸና ሲሄድ ንግግሩ ጥሎት ሄደ። «ናይፍ» (ቢላዋ) ሲጻፍ በመነሻው የ«ክ» ፊደል የሚታየው ድምፁ ቀድሞ ይነገር ስለ ነበር ነው።

ነገሩ ለጎንደር ተማሪ ፍጹም እንግዳ አይደለም። በግእዝ «ሠረቀ» የፀሐይን መውጣት፣ «ሰረቀ» ሌብነትን ያመለክታል። በአማርኛ የ«ሠ» እና የ«ሰ» ድምፅ አንድ ሆኗል፤ ፊደላቱ ግን አልተነኩም። የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል፤ የእንግሊዝኛ መምህርም ከዚሁ ቢነሣ «ዝም ብላችሁ ሸምድዱት» ከማለት ይድናል።

መመሳሰሉ ግን ወሰን አለው። በአማርኛ በ«ሠ» ፈንታ «ሰ» ቢጻፍ አንባቢ አይሰናከልም፤ የሚቸገረው ጸሐፊው ነው። (የመጥበቅና የመላላት ጉዳይ ራሱን የቻለ ርእስ ነው።) በእንግሊዝኛ ሁለቱም ይቸገራሉ፤ ይልቁንም አንዱ የአናባቢ ፊደል ብዙ ድምፅ ስለሚይዝ። የማይነበቡትን ተነባቢዎች በ«ሠ» ምሳሌነት ማስረዳት ሲቻል፣ አናባቢዎቹ ረጅም የመስማት ልምምድ ይጠይቃሉ።