በደጋ ቤት ውስጥ ቲማቲም፦ ስለ መትከያ ዕቃ፣ ስለ ብርሃንና ስለ እርጥበት

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስንዴና ገብስ የሚወዱት ብርዷ ለቲማቲምና ለቃሪያ አይስማማቸውም። በዚህ ምክንያት ገበያችን ላይ የሚከመረው ቲማቲም በአብዛኛው ከስምጥ ሸለቆው፣ ከመቂና ከባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ሆኖም ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ሰላጣ እዚሁ ቤታችን ውስጥ፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ መስኮት ሥር ማሳደግ ይቻላል። ተማሪዎችና ጎረቤቶች ሲሞክሩት አይቻለሁ። ብዙዎቹ ሲከሽፍባቸው ዘሩን ወይም ማዳበሪያውን ይወቅሳሉ። እኔ እስከማየው ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የሚደርሰው ሌሊት ነው፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ውሃ ቅጠሉ ላይ ይጥላል። ይህን የተረዳ ሰው ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ይሳካለታል።

ስለ አንድ የተከለከለ ተክል

በቤት ውስጥ ስለማብቀል ትምህርት የሚፈልግ ወጣት በስልኩ ላይ መጀመሪያ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ስለ ካናቢስ የተዘጋጀ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአዋቂዎች ስለፈቀደች፣ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶቿ አንድ ቤተሰብ እስከ 4 ተክል ማሳደግ ይችላል። በእኛ አገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ማምረቱንም መጠቀሙንም ይከለክላል። በጓዳ ውስጥ ያለ አንድ ተክል ነው ብሎ መከራከር ከክስ አያድንም። ተማሪ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ከዚያ የሚወሰደው ትምህርት ግን አለ፤ ስለ ሥር፣ ስለ ብርሃንና ስለ አየር እርጥበት የሚነገረው ለቲማቲምም እኩል ይሠራል።

መትከያ ዕቃው ከምን ይሠራ?

ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አንገቱ ላይ ሲቆረጥ ለአንድ ቲማቲም በቂ ነው። ለቃሪያ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይበቃል። ሰላጣና ቆስጣ ሥራቸው ጥልቅ ስለማይሄድ ሰፋ ያለ አሮጌ ሳፋ ወይም ግማሹ ታጥፎ የቆመ የማዳበሪያ ከረጢት ይመቻቸዋል። ጀሪካኑን በጋለ ምስማር ከታች አምስት ስድስት ቦታ፣ ከጎኑም ከታችኛው ጠርዝ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ጥቂት ቦታ ብሱት። ከሥሩ ሁለት እንጨት አጋድማችሁ አስቀምጡት፤ መሬት ላይ ከተለጠፈ ቀዳዳው ይደፈናል፣ የሲሚንቶው ቅዝቃዜም ወደ ሥሩ ይወጣል።

ሁላችንም ስንሠራው የኖርነው አንድ ነገር አለ፤ ውሃው እንዲወርድ ብሎ ከታች ጠጠር መደርደር። አይጠቅምም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል እንጂ አያደርቀውም። የሚጠቅመው ዕቃው ረዘም ማለቱና አፈሩ ራሱ ልል መሆኑ ነው።

ሸክላ ያምራል፣ እኔም ሲታይ ደስ ይለኛል፤ ለአሰላ ሌሊት ግን አልመክረውም። የሸክላው ግድግዳ ውሃ ያልባል፣ የሚተነው ውሃም ሙቀት ይወስዳል። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ባቱ ላይ በረከት ነው፤ እዚህ ግን የቲማቲሙን ሥር ያበርደዋል። ፕላስቲኩ ይሻላል፤ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ያለው ከሆነ ቀን ፀሐይ ሲያገኝ ይሞቃል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። በአርሲ የስንዴ ገበሬ ቤት ሁሉ ባዶ የአረም መድኃኒት ዕቃ ይገኛል፤ ታጥቦም ቢሆን መትከያ እንዳታደርጉት። ቱ ፎር ዲ የሚባለው መድኃኒት የተሠራው ስንዴውን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም እንዲገድል ነው፤ ቲማቲም ደግሞ ለእሱ እጅግ ስስ ነው። እጅግ ጥቂት ቅሪት እንኳ ቅጠሉን ያጣምመዋል። ከተክሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ፍሬውን የሚበላው ሰው ነው።

አፈሩ

የደጋው አፈር ለም ነው፣ ግን ዕቃ ውስጥ ሲገባ ይጠጥራል። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ለግንባታ የሚመጣው ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተገኘ፣ ደቃቁ ተነፍቶ ወጥቶ እንደ አተርና ሽምብራ የሚያካክለው በአሸዋው ፋንታ ይግባ፤ በውስጡ አየርም ውሃም ይይዛል። ጥሬ ፍግ አትጨምሩ። ከዚህ በላይ ስለ አፈር የሚያስጨንቅ ነገር የለም።

የትኛው መስኮት?

ከአውሮፓ በመጡ መጻሕፍት ሁሉ «የደቡብ መስኮት ምረጡ» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። እኛ ግን ያለነው በሰሜን ኬክሮስ 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ናት፤ በቀሩት ወራት በስተደቡብ። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል በደቡብ መስኮት ወደ ቤቱ ጠልቃ ትገባለች። በሰኔ ግን ከራሳችን በላይ ከፍ ብላ ስለምትውል በየትኛውም መስኮት የምትገባው ጥቂት ነው። ዓመቱን ሙሉ የማይከዳው የምሥራቅ መስኮት ነው። በክረምት ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ የጠዋቷ ፀሐይ ዋጋዋ ትልቅ ነው፤ የሌሊቱንም ጠል ቶሎ ታደርቀዋለች። ችግኙ ቀጥኖ ከተመዘዘና ወደ መስኮቱ ከተንጋደደ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው፤ ማዳበሪያ አትጨምሩለት፣ ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

ዘሩን ማብቀል

እርጥበትን ቤት ውስጥ መቆጣጠር ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም። እናቶቻችን ብቅል ሲያዘጋጁ ገብሱን ነክረው፣ በኮባ ቅጠል ሸፍነው፣ ሙቀትና እርጥበቱን በእጃቸው እየለኩ ያበቅሉታል፤ በሰዓቱም ገልጠው ያደርቁታል። አሰላ የሚገኘው የብቅል ፋብሪካ ይህንኑ በትልቁ ይሠራል፤ በዚህ ሙያ ገብሱ እስከ 45 ከመቶ ገደማ ውሃ እንዲጠጣ ይደረግና፣ ከበቀለ በኋላ በሞቃት አየር ወደ 5 ከመቶ አካባቢ ይደርቃል። መሸፈኛና መግለጫ ጊዜውን ማወቅ ነው ሙያው።

የቲማቲም ዘርም እንዲሁ ነው። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት በሳምንት ገደማ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ግን አይንቀሳቀስም። ዘሩ የተዘራበትን ጣሳ በነጭ ፌስታል ሸፍናችሁ ከምድጃው ብዙ ሳይርቅ አስቀምጡት። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች እንደታዩ ግን ፌስታሉን በዚያው ቀን አንሡ። ብዙ ችግኝ የሚሞተው «ይሙቀው» ተብሎ ተሸፍኖ ሲቆይ ነው፤ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይቀጥንና ይወድቃል። ይህን የሚያደርጉት እርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ናቸው፤ ከወደቀ በኋላ መድኃኒት የለውም።

አየር ውሃ እንዴት ይይዛል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ገባን፤ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

አየር የሚይዘው የውሃ ተን በሙቀቱ ይወሰናል። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ይይዛል። በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ተኩል አያልፍም። «የአየሩ እርጥበት 60 ከመቶ ነው» ሲባል አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው 60 ከመቶውን ይዟል ማለት ነው።

እንግዲህ ቀን ላይ ክፍላችሁ 20 ዲግሪ ሞቆ እርጥበቱ 60 ከመቶ ነበር እንበል። በአንድ ሜትር ኩብ ከ10 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ውሃ አለ። ሌሊት መስኮቱ አጠገብ ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ያ አየር ሁሉንም መያዝ አይችልም። አንድ ግራም ያህሉ ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ይወርዳል፤ መስታወቱ ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ ቅጠሉ ላይ። ማንም ውሃ ሳያፈስ ቲማቲሙ ረጥቦ ያድራል። ቀን ላይ የተመለከተ ሰው ግን «አየሩ ደረቅ ነው» ብሎ ተጨማሪ ውሃ ይረጭበታል።

ረጥቦ ማደሩ ለምን ይጎዳል? የድንችና የቲማቲም ቅጠል የሚያጠቁረው፣ ፋይቶፍቶራ የሚባለው ተሕዋስ ዘሩን የሚያሰማራው በውሃ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ላይ ያለው ስስ የውሃ ሽፋን መዋኛው ነው፤ ለብ ያለ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ ሌሊት ይመቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1845 በአየርላንድ የጀመረውን ረኃብ ያስከተለው እሱ ነው፤ በአርሲ ደጋ የክረምት ድንች የሚያጠፋውም እሱ ነው። የስንዴ ዋግም ቢሆን ቅጠል ላይ ለመብቀል ጠል ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በአርሲና በባሌ በግንድ ዋግ ሲመታ ያዩ ገበሬዎች፣ የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችም፣ የጠልን ጉዳይ እንደ ቀላል አያዩትም። ቤት ውስጥ ያለ ተክል ከዝናብ ተጠልሏል፤ ከጠል ግን አልተጠለለም።

መፍትሔው በሰዓት ይመራል። ውሃ ጠዋት ብቻ አጠጡ፣ አፈሩን እንጂ ቅጠሉን አታርጥቡ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ መስኮቱን ክፈቱ። «ውጭ እየዘነበ ብከፍት እርጥበት አይገባም ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ውጭ ያለው አየር 10 ዲግሪ ሆኖ በውሃ የጠገበ ቢሆን እንኳ የያዘው 9 ግራም ተኩል አይሞላም፤ ቤት ገብቶ ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ 54 ከመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ክፍሉ ከውጭው ሞቅ ካለ ዝናብ እየዘነበም መስኮት መክፈት ቤቱን ያደርቃል። የባቱ የአበባ እርሻዎች ግሪንሃውሳቸውን የሚያናፍሱትም በዚሁ ሕግ ነው። ከምሽቱ በፊት መስኮቱን ዝጉ፣ ዕቃዎቹን ከመስታወቱ አንድ ክንድ ያህል አርቁ፣ ቅጠሎቹ እንዳይነካኩ አራርቁ፣ ከታች ያሉትን ቅጠሎች ቁረጡ።

በጨው የሚፈተን መለኪያ

ትንንሽ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያዎች አሁን በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አሉ፤ ሁሉም ግን እውነት አይናገሩም። መፈተኛው ቀላል ነው። በትንሽ ክዳን ላይ የወጥ ጨው አድርጋችሁ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ድረስ ብቻ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ መሟሟት የለበትም። ጨውንና መለኪያውን፣ ሳይነካኩ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ዘግታችሁ አሳድሩ። እርጥብ ጨው በላዩ ያለውን አየር 75 ከመቶ ላይ ያቆመዋል። መለኪያው 80 ካለ ሁልጊዜ 5 ቀንሱለት። ለቲማቲም ቀን ላይ ከ50 እስከ 70 ከመቶ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የአበባው ብናኝ ስለሚጣበቅ ፍሬ አይቋጠርም፤ ቤት ውስጥ ንፋስም ንብም ስለሌለ ደግሞ ቀትር ላይ የአበባውን ዘለላ በጣት መታ መታ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሌሊቱን ማለዘብ

ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች ቀን ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ አስቀምጡና ማታ ወደ ዕቃዎቹ አስጠጉ። 20 ሊትር ውሃ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት ባለ 60 ዋት አምፖል ለ4 ሰዓት ያህል ሲበራ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ሁለት ሦስት ጀሪካን ካለ ልዩነቱ ጠዋት ቅጠሉ ላይ ይታያል።

ከሰል ግን ለተክል ብላችሁ ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አታሳድሩ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

በበጋ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ቀን ደረቅ፣ ሌሊት ውርጭ ነው። ያኔ ቅጠሉ ጠርዙ ቢደርቅ ዕቃዎቹን አቀራርቡ፣ በአጠገባቸው ቀን ላይ እርጥብ ጆንያ ስቀሉ፤ ማታ አውርዱት።

መቼ ይጀመር?

የቲማቲም ዘር በደጋ ብርድ ከተዘራበት እስከ መጀመሪያው ቀይ ፍሬ አራት ወር ገደማ ይፈልጋል። በጥር መጀመሪያ የዘራ ሰው ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ላይ ይለቅማል፤ የክረምቱ ጭጋግ ሳይበረታ ማለት ነው። በሰኔ የሚዘራው ችግኝ ዕድሜውን የሚጀምረው ብርሃን ባነሰበትና ጠል በበዛበት ወቅት ስለሆነ አልመክረውም። ክረምት ላይ መጀመር የምትፈልጉ ሰላጣና ቆስጣ ዝሩ፤ ሁለቱም ብርዱን ይችላሉ፣ በሁለት ወር ገደማም ለገበታ ይደርሳሉ። ቲማቲሙን ለጥር አቆዩት፤ እስከዚያ ግን መለኪያችሁን በጨው ፈትኑ፣ ክፍላችሁ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስንት ዲግሪ እንደሚወርድም እየጻፋችሁ ያዙ።