ከመርፌ ወደ ክኒን፦ ለወጣቷ ሐኪም

ልጄ፣ ክፍለ ሀገር ልትወጪ ነውና ከመሄድሽ በፊት በአንድ ጉዳይ ልምከርሽ። ጀርም ደሙ ውስጥ የገባበት ሕመምተኛ ሲሻለው ቀሪውን ሕክምና ቤቱ ሆኖ በሚዋጥ መድኃኒት ይጨርስ ወይስ አልጋው ላይ ይቆይ የሚለውን ብዙ ጊዜ ብቻሽን ትወስኛለሽ። ያለ ምክንያት የሚፈሩ ሐኪሞች አይቻለሁ፤ ሳይመረምሩ የሚደፍሩም አይቻለሁ። ሁለቱም ሕመምተኛውን ይጎዱታል።

1. መርፌ ሁልጊዜ ከክኒን ይበረታል የሚለውን እምነት መጀመሪያ ከራስሽ አውጪ። እምነቱ መነሻ አለው፤ የጥንቱ ፔኒሲሊን በጨጓራ አሲድ ስለሚበላሽ በመርፌ መስጠት ግድ ነበር። የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ሊቮፍሎክሳሲንና ሊኔዞሊድ ሲዋጡ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ደም ውስጥ ይደርሳሉ። ኮትሪሞክሳዞልም በደንብ ይመጠጣል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን 70 በመቶ ገደማ ይገባል። አሞክሳሲሊንና ሴፋሌክሲን በክኒን ሲሰጡ በደም ውስጥ የሚኖራቸው መጠን በመርፌ ከሚገኘው እጅግ ያንሳል። እነሱን ከመረጥሽ ለጉሮሮ ሕመም በምታዢው መጠን አትዘዢ።

2. የተሠራውን ጥናት አንብቢ፤ የጥናቱን ድንበርም አብረሽ ያዢ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የዴንማርክ ጥናት የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ያለባቸውን 400 ሰዎች ተከታትሏል። ቢያንስ 10 ቀን በመርፌ ታክመው ከተረጋጉ በኋላ ገሚሶቹ ወደ ክኒን ተሻገሩ። ሞት፣ ያልታቀደ የልብ ቀዶ ሕክምና፣ የረጋ ደም ጉዳት ወይም የኢንፌክሽኑ መመለስ የገጠማቸው በመርፌ ከቀጠሉት 12.1 በመቶ፣ ክኒን ከወሰዱት 9 በመቶ ነበሩ። ግን ልብ በይ፤ ክኒን የወሰዱት ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ነበር የሚውጡት፣ ወደ ቤት የሄዱትም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይታዩ ነበር። በ2024 የወጣው፣ በሰባት አገሮች ከ3,600 በላይ ሕመምተኞችን የያዘው ጥናት ደግሞ ለብዙዎቹ የደም ኢንፌክሽኖች የ7 ቀን ሕክምና ከ14 ቀን እንደማያንስ አሳይቷል። ጊዜውን በማሳጠር ብዙ አልጋና ብዙ ገንዘብ ይተርፋል።

3. ስታፍ ኦሬየስ ደም ውስጥ ከተገኘ ከላይ ያልኩሽን ተዪው። የ7 ቀኑ ጥናት ይህን ጀርም አላካተተም። ካልቸሩ ይደገም፣ ልቡ በኢኮ ይታይ፤ ሕክምናው በትንሹ ሁለት ሳምንት ነው። የምታማክሪው ሰው በስልክም ቢሆን ፈልጊ።

4. ለሌሎቹ፣ ከማሻገርሽ በፊት ምንጩን ጠይቂ። ጀርሙ ከየት ገባ? ከኩላሊት ከሆነ የሽንት መንገዱ ተዘግቷል ወይ? መግል የያዘ ቦታ ካለ ተከፍቶ ፈሷል ወይ? ምንጩ ካልደረቀ መርፌም ክኒንም አያድነውም። ቀጥሎ ሰውየውን እዪው፦ ትኩሳቱ ወርዷል፣ የደም ግፊቱ ያለ ድጋፍ ተረጋግቷል፣ ይበላል፣ አያስመልሰውም፣ አያስቀምጠውም? እነዚህ ከተሟሉ ካኑላው እጁ ላይ የሚቆይበት ምክንያት የለም። ካኑላ ራሱ ጀርም ማስገቢያ በር መሆኑን አትርሺ።

5. ከባዱ ነገር ካልቸር በሌለበት መወሰን ነው። በአገራችን ክሌብሲየላና ኢ. ኮላይ ሴፍትሪያክሶንንም ሲፕሮንም የሚቋቋሙበት ሁኔታ በብዛት ተዘግቧል። ስለዚህ በሴፍትሪያክሶን የተሻለውን ሰው “ሲፕሮ ይዞ ይሂድ” ማለት ውርርድ ነው፤ አንዱ መድኃኒት ስለሠራ ሌላኛው ይሠራል ማለት አይደለም። ላቦራቶሪው ካልቸር የሚሠራ ከሆነ የመጀመሪያው መርፌ ከመወጋቱ በፊት ደም ከሁለት ቦታ ይወሰድ። ኤች አይ ቪ ያለበትና ኮትሪሞክሳዞል ለመከላከያ ሲውጥ የቆየ ሰው ከሆነ ጀርሙ ያንን መድኃኒት ለምዶት ሊሆን ይችላል። የዊዳል ምርመራን ብቻ ይዘሽ ደግሞ ታይፎይድ ነው አትበዪ። በዚያች ወረቀት ምክንያት ስንት ሰው በከንቱ መድኃኒት እንደዋጠ ሳስበው ያሳዝነኛል።

6. የሚሄድበትን ቤት እወቂ። እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቢ፤ በእኔ ግምት በክኒን የሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ነው። ይጾማል ወይ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ሰው የጠዋቱን ክኒን ይዘለዋል፣ ላንቺ ግን አይነግርሽም። አትቆጪው፤ የንስሐ አባቱን እንዲያማክር ጠይቂው፣ ለታመመ ሰው ይፈቅዱለታል። በረመዳንም ሕመምተኛ ጾሙን እንዲተው ተፈቅዶለታል። ጸበል የሚሄድ ከሆነ ክኒኑን ይዞ እንዲሄድ ንገሪው። “በቀን ሁለት ጊዜ” አትበዪ፤ “ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት” ብለሽ በአማርኛ ጻፊለት፣ ማንበብ የማይችል ከሆነ ለልጁ አስረጂ። ሲፕሮን ከወተት፣ ከአይረን ክኒን ወይም ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር ከዋጠው መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የስኳር ሕመምተኛ ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ከሆነ ሲፕሮ ስኳሩን አለቅጥ ሊያወርድበት ይችላል፤ ኢናላፕሪል ለሚወስድ ደግሞ ኮትሪሞክሳዞል ፖታሲየሙን ያንርበታል። ከሁሉም በላይ መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ ተገዝቶ በእጁ ሳይገባ ከክፍል አይውጣ። ግማሹን ገዝቶ “ቀሪውን ነገ” ያለ ሰው ነገ ገንዘብ ላያገኝ ይችላል።

7. አስታማሚዎቹ “መርፌውን ሳይጨርስ አባረሩት” ብለው እንዳያዝኑ አስቀድመሽ ቁጭ ብለሽ አነጋግሪያቸው። ለስንቅና ለማደሪያ ያወጡትን እነሱ ያውቁታል፣ ምክንያቱ ከገባቸው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

8. አራስ ልጅ ላይ ይህን ሁሉ አታውይ። የደም መመረዝ የተጠረጠረበት አራስ ቦታው ሆስፒታል ነው። ወላጆች መምጣት ካልቻሉ ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀደው መንገድ አለ፦ የጄንታማይሲን መርፌ ከሚዋጥ አሞክሳሲሊን ጋር። በእኛም አገር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን ሕክምና ቀበሌ ድረስ አድርሰውታል። አክብሪያቸው፤ ልጅ ይዘው ሲልኩብሽ የጻፉትን አንብቢ።

9. ቀጠሮው በሦስተኛው ቀን ይሁን፤ ቢቀር ስልክ ደውዪ። ትኩሳት ከተመለሰ፣ ብርድ ብርድ ካለው፣ ካስመለሰው ወይም አእምሮው ከተምታታ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ሌሊትም ቢሆን ይምጣ። ተረኛው ሐኪም እንዳይመልሰው ስሙንና የሚወስደውን መድኃኒት የተረኛ መዝገብ ላይ አስፍሪ።