ቡናና የእንቅልፍ ሞገዶች

አረቢካ ቡና ያለ ዘሪ ከሚበቅልባቸው ደኖች መካከል በቦንጋ ዙሪያ የሚገኙት የከፋ ደኖች በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ። ዩኔስኮም የከፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ፍየሎቹ የቡና ፍሬ በልተው ሲቦርቁ አየ የሚባለው የእረኛው የካልዲ አፈ ታሪክም ከዚሁ ምድር ጋር ይያያዛል። ዛሬ ብዙ ተማሪዎች የፈተናን ሌሊት በቡና ያነጋሉ። ለመሆኑ ቡና በአንጎላችን ውስጥ ምን ይሠራል? ይህንን ለመረዳት በቅድሚያ አንጎል ሲነቃና ሲተኛ የሚያመነጫቸውን የኤሌክትሪክ ሞገዶች እንመልከት።

ሞገዶቹ እንዴት ይፈጠራሉ?

ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ዐይኑን ጨፍኖ በጸጥታ በተቀመጠ ሰው ላይ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ሞገድ ይታያል፤ ዐይኑን ሲገልጥ ሞገዱ ይደክማል። በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ግን በሰከንድ ከ4 ጊዜ በታች የሚመላለሱ ታላላቅ ሞገዶች ይነግሣሉ።

የቦንጋን ገበያ እናስብ። ገበያተኛው በየፊናው ሲነጋገር ከሩቅ የሚሰማን ዝቅተኛ ሁካታ ነው፤ ሁሉም በአንድነት ቢያጨበጭብ ግን ድምፁ ጎልቶ ይሰማል። የነርቭ ሕዋሳትም እንዲሁ ናቸው። ስንነቃ በየፊናቸው ይሠራሉ፤ በከባድ እንቅልፍ ጊዜ በአንድነት ምልክት ይሰጣሉ፣ በአንድነትም ዝም ይላሉ።

እንቅልፍ ሲጀምር እንደ ኖርአድሬናሊን ያሉት የማንቂያ ኬሚካሎች ይቀንሳሉ። በዚህ ጊዜ በአንጎል መካከል የሚገኘውን ታላመስ እንደ ልባስ የሸፈኑት ገቺ ሕዋሳት መልእክት አስተላላፊዎቹን ሕዋሳት ያፍኗቸዋል። የታፈኑትም በካልሲየም ፍሰት ተነሥተው በአንድ ጊዜ ምልክት ይለቃሉ፤ ምልክቱ ገቺዎቹን መልሶ ይቀሰቅሳል። ከዚህ ዑደት ቅርጹ እንዝርት የሚመስል፣ በሰከንድ ከ11 እስከ 15 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ይወለዳል፤ ስሙም ‹‹የእንቅልፍ እንዝርት›› ነው። እንቅልፉ ሲጠና ታላላቆቹን ዝግተኛ ሞገዶች በዋናነት የሚያመነጨው ኮርቴክስ የተባለው የአንጎል ውጫዊ ክፍል ነው።

የቡና ድርሻ

ነቅተን በቆየን መጠን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎላችን ይጠራቀማል፤ የማንቂያ ሕዋሳትን እያቀዘቀዘም ወደ እንቅልፍ ይመራናል። የቡናው ካፌይን በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል ማረፊያውን ቀድሞ ይይዝበታል፤ ሆኖም ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ በሩን እንደማይከፍት ቁልፍ ነው። እንግዲህ ቡና አዲስ ጉልበት አይጨምርልንም፤ የድካማችንን ምልክት ይሸፍንብናል እንጂ።

በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከጠጣነው ግማሹ እስከ 5 ሰዓት ይቆየናል ማለት ነው። ብንተኛም እንኳ ዝግተኞቹ ሞገዶች ይዳከማሉ።

ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ቀን ያጠናነው ትምህርት በአእምሯችን እንዲጸና ዝግተኞቹ ሞገዶችና እንዝርቶቹ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሌሊቱን በቡና የሚያነጋ ተማሪ ያነበበውን የሚያጸናለትን ሥራ ራሱ ያቋርጣል። አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን በቀን እንጠጣ፤ ሌሊቱን ለእንዝርቱ እንተውለት።