የተክልን ምልክት ማንበብ፦ ከሥነ ጥበብ ሙከራዎች ለመስክ ሥራ የሚገኝ ትምህርት
(ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ)

1. መግቢያ

ተክል አፍ የለውም። ይሁንና ውኃ ሲጠማው፣ ምግብ ሲያንሰው ወይም በሽታ ሲይዘው ምልክት ያሳያል። ገበሬው ይህን ምልክት ከጥንት ጀምሮ በዓይኑና በእጁ ሲያነበው ኖሯል። የሥነ ጥበብ ሰዎችና መሐንዲሶችም በበኩላቸው በመሣሪያ አማካይነት ሰውንና ተክልን ለማገናኘት ልዩ ልዩ ሙከራዎች አድርገዋል። የአፈር እርጥበት መለኪያና የመሳሰሉት መሣሪያዎች ለማኅበራት ሲቀርቡ «ተክሉ ራሱ ይነግራችኋል» የሚል አነጋገር አብሮ ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚህ አነጋገር ውስጥ እውነቱን ለይቶ ማሳየት ነው። ምልክት ተሳስቶ ከተተረጎመ ውኃና ገንዘብ ይባክናል፤ አንዳንዴም ሰብሉ ይጠፋል።

2. ተክል በምን መንገድ ምልክት ይሰጣል?

ሀ. በኤሌክትሪክ፦ እንግሊዛዊው በርደን ሳንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ነፍሳት አጥምዶ የሚበላ ተክል ቅጠል ሲነካ የኤሌክትሪክ ለውጥ እንደሚታይበት አስታወቀ። ሕንዳዊው ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝም የተክልን እድገት እጅግ አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1917 ደግሞ በካልካታ በስሙ የሚጠራውን የምርምር ተቋም መሠረተ።

ለ. በሙቀት፦ ቅጠል በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውኃ ሲያተን ይቀዘቅዛል። ውኃ ሲያጥረው ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ በዚህም ምክንያት ይሞቃል። ይህን ልዩነት ቅጠሉን ሳይነካ የሚለካ ቴርሞሜትር አለ።

ሐ. በድምፅ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውኃ የተነፈገ ወይም ግንዱ የተቆረጠ ቲማቲምና ትንባሆ በሰዓት ከ30 እስከ 50 ያህል አጫጭር ድምፆች እንደሚያሰማ አሳተሙ። ያልተጎዳ ተክል የሚያሰማው በሰዓት ከአንድ ያነሰ ነው። ድምፁ በሴኮንድ ከ40 ሺህ እስከ 80 ሺህ ንዝረት ስላለው የሰው ጆሮ አይሰማውም። መነሻው በውኃ ማመላለሻ ቧንቧዎች ውስጥ የሚፈጠር የአየር አረፋ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ድምፁ የጉዳት ውጤት ነው እንጂ ተክሉ አስቦ የሚናገረው ቃል አይደለም።

3. የሥነ ጥበብ ሰዎች ምን ሠሩ?

ክሪስታ ሶመረርና ሎራን ሚኞኖ እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረቡት ሥራ፣ ተመልካቹ በሕይወት ያለ ተክል ሲነካ ወይም ሲጠጋ በግድግዳ ላይ በኮምፒዩተር የተሠሩ ተክሎች ያድጋሉ። መሣሪያው የሚለካው በሰውየውና በተክሉ መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ ልዩነት ነው። እዚህ ላይ ተክሉ የሚያገለግለው እንደ አንቴና ሲሆን፣ በግድግዳው ላይ የሚታየው የሰውየው እንቅስቃሴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ኬን ጎልድበርግና ባልደረቦቹ «ቴሌጋርደን» የተባለ ትንሽ የአትክልት ቦታ አዘጋጁ። በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች በኢንተርኔት የሮቦት ክንድ እያዘዙ ዘር ይዘሩና ውኃ ያጠጡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተጀመረው «ቦታኒኮልስ» የተባለ ሥራ፣ ተክል ሲጠማ ለባለቤቱ ስልክ እንዲደወል አደረገ። መለኪያው የተተከለው በማሰሮው አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚናገረው አፈሩ ነው፤ «ጠማኝ» የሚለውን ቃል የጨመረው ሰው ነው።

እነዚህ ሥራዎች ሰው ተክልን እንዲያስተውል አድርገዋል፤ ይህም ጥቅም ነው። ነገር ግን የተለካውን ከተጨመረው መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ታሪክ አለ። አሜሪካዊው ክሊቭ ባክስተር እ.ኤ.አ. በ1966 የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ በተክል ላይ አስሮ፣ ተክሉ የሰውን ሐሳብና የሌሎች ፍጥረታትን ሞት ያውቃል ብሎ ነበር። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሙከራውን በጥንቃቄ ደግመው እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ የተባለውን ውጤት እንዳላገኙ ገለጹ።

4. አንድ ምልክት፣ ብዙ ምክንያት

በመስክ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ምልክት መጠውለግ ነው። የጠወለገ ቲማቲም «ውኃ ስጡኝ» ያለ ይመስላል። ምክንያቱ ግን የውኃ እጥረት፣ የውኃ መብዛት ወይም የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ሊሆን ይችላል። በሽታው ሆኖ ሳለ ውኃ ቢጨመር፣ ተሕዋስያኑ በቦዩ አልፈው ወደ ጎረቤት ማሳ ይደርሳሉ። አንድ ቦይ በጋራ ለሚጠቀም ማኅበር ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ከመምከሩ በፊት ቀጥሎ የተዘረዘሩትን በቅደም ተከተል መፈጸም ይገባዋል።

ሀ. ማሳውን ማለዳ መጎብኘት። በቀትር ጠውልጎ ማለዳ ቀና የሚል ተክል የቀትሩ ፀሐይ አይሎበት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ውኃ አያሻውም ይሆናል። ማለዳም ጠውልጎ የሚገኝ ከሆነ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው።

ለ. ሥሩ እስከሚደርስበት ጥልቀት ቆፍሮ አፈሩን በእጅ መጨበጥ። አፈሩ ደርቆ ከተበተነ ችግሩ የውኃ እጥረት ነው። ረግረግ ከሆነና ሥሩ ጠቁሮ ከተገኘ ውኃውን ማጠንፈፍ ያስፈልጋል።

ሐ. አፈሩ እርጥብ፣ ሥሩም ያልበሰበሰ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ፣ የግንዱን የታችኛውን ክፍል ቆርጦ ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ማስነካት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ከወረደ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ ማስወገድ፣ ከዚያ ማሳ የሚወጣውን ውኃ መገደብ፣ መሣሪያን ማጽዳት፣ በቦታውም ቲማቲም፣ ድንች ወይም ቃሪያ አለመትከል ያስፈልጋል።

የቅጠል ቀለምም እንዲሁ ነው። ቢጫነቱ ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ከጀመረ የናይትሮጅን እጥረት ይጠረጠራል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ ከሆኑ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል። የበቆሎ ቡቃያ ሐምራዊ መልክ ሲይዝ የፎስፈረስ ማነስን ያመለክታል፤ ሆኖም ብርድም ይህንኑ መልክ ያመጣል።

5. መሣሪያ ከመግዛት በፊት

ለአነስተኛ መስኖ ከተዘጋጁት መሣሪያዎች አንዱ ኢምቡቶ መሰል ሆኖ በአፈር ውስጥ ይቀበራል፤ ውኃው እዚያ ጥልቀት ሲደርስ ከላይ ያለው ምልክት ብቅ ይላል። ሌላው የአፈሩን እርጥበት በመብራት ያሳያል፤ ሰማያዊው እርጥብ፣ አረንጓዴው መካከለኛ፣ ቀዩ ደረቅ ማለት ነው። ማኅበሩ ማናቸውንም መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቅ፦

- የሚለካው ምንድን ነው? አፈሩን፣ ተክሉን ወይስ አየሩን?
- በማሳው ስንት ቦታ ላይ ይተከላል? አንድ መለኪያ የሚናገረው ስለተተከለበት ቦታ ብቻ ነው።
- ምልክቱ ሲለወጥ እኛ የምንለውጠው ሥራ ምንድን ነው? ከሌለ መሣሪያው ጌጥ ነው።

መልሱ አጥጋቢ ከሆነ በቅድሚያ በአንድ አባል ማሳ ላይ መሞከር ይበጃል። ግማሹን በተለመደው ተራ፣ ግማሹን በመሣሪያው ምልክት አጠጥቶ፣ የውኃውን ብዛትና ምርቱን መዝግቦ ለጠቅላላ ጉባኤ ማቅረብ ነው።

6. ማጠቃለያ

መሣሪያ ዓይን የማያየውን ያሳያል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ምክንያቱን የሚያገኘው ማለዳ ማሳው ላይ የሚገኝ፣ አፈሩን የሚቆፍርና ባለማሳውን የሚጠይቅ ሠራተኛ ነው።