ቀማኛ ዝንቦችን በአካላቸው ለይቶ ስለ ማወቅ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ልደታ አካባቢ ፀሐይ በሚያርፍበት አጥር ሥር ጥቂት ቆም ብሎ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። ይኸውም ሆዱ የቀጠነ፣ እግሩ የጠነከረ፣ ፊቱ ጢማም የሆነ ዝንብ በደረቅ እንጨት ጫፍ ላይ ተቀምጦ ራሱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር ነው። ሌላ ነፍሳት በአጠገቡ ሲያልፍ ብድግ ብሎ በአየር ላይ ይቀልበውና ወደ ተነሣበት እንጨት ይመለሳል። የሳይንስ ሰዎች የዚህን ዝንብ ቤተ ሰብ አሲሊዴ ይሉታል። እኛ ጠባዩን ተከትለን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቀማኛ ዝንብ ብለነዋል።

«የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪና ዝንብ ምን አገናኛቸው?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከጓደኞቻችን አንዱ ንብ መጣብኝ ብሎ ከነዚህ አንዱን በደብተሩ ጨፈለቀው። ጠጋ ብለን ብናየው ንብ አልነበረም። የግሪክን ፈላስፎች ስም በቃላችን የምንጠራ ሰዎች በደጃችን አጥር ላይ የሚቀመጠውን ፍጥረት ለይተን ለማወቅ ባለመቻላችን አፈርን። ከዚያ ወዲህ ማጉያ መነጽር ይዘን ለሁለት ሳምንት ያህል ስንመለከት ቆየን። ያገኘነውን ትምህርት እነሆ ለአንባቢያን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ የሠራነውን ስሕተት እንናገር። ያየናቸውን ዝንቦች በቀለማቸው፣ ግራጫ፣ ጥቁርና ቡናማ ብለን በሦስት ከፈልናቸው። ሠንጠረዡም አማረልን። ነገር ግን ሁለት ዝንቦች ተያይዘው ሲራቡ አገኘን፤ አንደኛው በእኛ ሠንጠረዥ ግራጫ፣ ሁለተኛው ቡናማ ነበሩ። የአንድ ወገን ባልና ሚስት በሁለት ወገን መድበናቸው ኖሯል። ስለዚህ ቀለሙን ትተን የአካሉን አሠራር መመርመር ጀመርን።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ያየነው በእርግጥ ቀማኛ ዝንብ ነው ወይ? የሚለው ነው። ክንፉን እንቊጠር። ንብና ተርብ አራት ክንፍ ሲኖራቸው ዝንብ ሁለት ብቻ አለው፤ በኋላ ክንፎቹ ፋንታ ሚዛን የሚጠብቅባቸው ሁለት ትንንሽ እንቡጥ መሳይ ነገሮች አሉት። ቀጥሎ ራሱን ከፊት ለፊት እንመልከት። በሁለቱ ትልልቅ ዐይኖቹ መካከል አናቱ እንደ ኮርቻ ጎድጎድ ያለ ነው፤ በጎድጓዳውም ውስጥ ሦስት ደቃቃ ዐይኖች ይገኛሉ። ከአፉ በላይ ደግሞ የጠጉር ጢም አለው፤ ይህም የያዘው ነፍሳት ሲፍጨረጨር ፊቱን ይጠብቅለታል ይባላል። አፉ አጭርና ጠንካራ መውጊያ ነው። በዚህ ወግቶ የሚያደነዝዝና ሥጋን የሚያሟሟ ምራቅ ያስገባና የሟሟውን ይመጠዋል። እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ከተገኙ ነገሩ ተረጋገጠ ማለት ነው።

በዓለም ላይ ከ7,000 በላይ ዓይነት ቀማኛ ዝንቦች ይታወቃሉ። ቶርስተን ዲኮው የተባሉ ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቤተ ሰቡን በ14 ንኡስ ቤተ ሰቦች ከፍለውታል። ለጀማሪ ግን ዋና ዋናዎቹን ማወቅ ይበቃል። በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢሄዱ አይሳሳቱም ለማለት ባንደፍርም፣ ስሕተቱ ያንሳል።

አንደኛ፣ የሰውነቱን ቅጥነትና እግሩን ይመልከቱ። ሆዱ እንደ ክር ረጅምና ቀጭን ከሆነ፣ በጥፍሮቹም ሥር ሌሎቹ ያላቸው ለስላሳ ትራስ ከሌለ፣ ሌፕቶጋስትሪኔ ከተባሉት ወገን ነው። እነዚህ በሣር መካከል ቀስ ብለው ይበራሉ።

ሁለተኛ፣ ክንፉን ወደ ብርሃን አቅንተው ጅማቶቹን ይመልከቱ። በክንፉ የፊት ጠርዝ፣ ወደ ጫፉ ግድም፣ በሁለት ጅማቶች መካከል አንድ ረጅም ክፍል አለ። ጅማቶቹ ጠርዙ ላይ ሳይደርሱ ከተገናኙ ክፍሉ ዝግ ነው፤ እስከ ጠርዙ ተለያይተው ከሄዱ ክፍት ነው። ይህ ከሁሉ የበለጠ የሚረዳ ምልክት ነው።

ሦስተኛ፣ ክፍሉ ዝግ ከሆነ አንቴናውን ይመልከቱ። ጫፉ ዱልዱም ሆኖ ቀጭን ጭራ ከሌለው ላፍሪኔ ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ ወፍራምና ጠጉራም ስለሆኑ ንብ ይመስላሉ፤ እጫቸውም በበሰበሰ እንጨት ውስጥ ያድጋል። አንቴናው እንደ ክር የቀጠነ ጭራ ካለውና ጭራው ልሙጥ ከሆነ አሲሊኔ፣ ጭራው እንደ ላባ ጠጉር ያወጣ ከሆነ ደግሞ ኦማቲኔ ነው። በልደታ ያየናቸው አብዛኞቹ ከአሲሊኔ ወገን ናቸው።

አራተኛ፣ ክፍሉ ክፍት ከሆነ የፊት እግሩን ቅልጥም ጫፍ ይመልከቱ። በዚያ እንደ መንጠቆ የታጠፈ እሾህ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዳሲፖጎኒኔ ነው። እሾሁ ከሌለ ስቴኖፖጎኒኔንና የቅርብ ዘመዶቹን መጠርጠር ይገባል።

ሊመለከት ለሚፈልግ ሰው ጥቂት ምክር እንጨምር። ዝንቡ ሙቀት ስለሚወድ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲበረታ ይፈለግ። በባዶ እጅ አይያዝ፤ ሲጨነቅ ክፉኛ ይወጋል። በብርጭቆ ከድኖ፣ ከሥሩ ወረቀት አስገብቶ፣ አይቶ መልቀቅ ይቻላል።

የዚህ ዕውቀት ጥቅም ምንድን ነው? አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ቀማኛ ዝንብ ደግሞ ንብም ይበላል። በአንጻሩ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ የብዙዎቹ እጮች የጥንዚዛ እጭ ይበላሉ፤ የጥንዚዛ እጭ ደግሞ የሰብልን ሥር የሚያጠፋ ነው። ስለዚህ ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት ብሎ ለመፍረድ አስቀድሞ የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። ሂዩ ስኮትና ጆሴፍ ኦመር ኩፐር የተባሉ እንግሊዛውያን በ1926 እና በ1927 እ.ኤ.አ. በተራሮቻችን ላይ እየተዘዋወሩ ብዙ ነፍሳት ሰብስበው ወደ አገራቸው ወስደዋል። በሥራቸው ዕውቀት ስላተረፉ አንወቅሳቸውም። ነገር ግን የገዛ አጥራችንን ፍጥረት ለማወቅ ሁልጊዜ ባሕር ተሻግረን መጠየቅ አይገባንም። አራት ኪሎ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም አሉ። እነሱ ዕውቀቱን፣ እኛ ደግሞ ቃሉን ብናዋጣ፣ ለእነዚህ ወገኖች የአማርኛ ስም ማውጣት የሚያቅተን አይመስለንም።

የጨፈለቅነው ዝንብ ክንፍ በደብተሩ ገጽ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ትናንት በመነጽር አየነው፤ ክፍሉ ዝግ ነው።