ለተጋደመ ስንዴ ኮምባይነር

ጥያቄ፦ የጥቅምት ዝናብና ነፋስ ስንዴዬን አጋደመው። የኪራይ ኮምባይነር ባለቤቱ «ግማሹ ይቀራል» አለኝ። ማሽኑ ላይ የሚስተካከል ነገር የለም? (ከደብረ ኤልያስ)

መልስ፦ አለ፤ ያውም በርካሽ። ዋናው የሰብል ማንሻ ነው፦ በምላጩ ጣቶች ላይ በየ30 ሳንቲሜትሩ ገደማ የሚታሰር፣ የተኛውን አገዳ ከስሩ ገብቶ ከምላጩ በላይ የሚያነሳ ረጅም ብረት። ጎበዝ ሠራተኛ ከስስ ባሌስትራ ሊያወጣው ይችላል። ባሌስትራ ግን በብየዳ ቦታው ላይ ይሰበራልና በብሎን ይታሰር።

ቀጥሎ ሪሉን (ሰብሉን ወደ ምላጩ የሚስበውን ተሽከርካሪ) ወደ ፊት ገፍተው ወደ ታች ያውርዱ፣ ጥርሱንም ወደ ኋላ ያዘንብሉ። ዛላው ወደ ማሽኑ ዞሮ እንዲጠብቅ ስንዴው ከተጋደመበት በተቃራኒ ወይም በጎን ይግቡ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እያጨዱ በባዶ መመለስ ናፍጣ ይበላል፤ ከሚቀረው እህል ግን ይሻላል። ምላጩ ዝቅ ሲል ድንጋይ ስለሚያገኝ ማሳውን አስቀድመው ያስለቅሙ።

አገዳው እርጥብ ከሆነ የመውቂያው ከበሮ ይታነቃል። ጤዛው እስኪነሳ፣ ቢያንስ እስከ 4 ሰዓት ረፋድ ይጠብቁ። ከፍታውም ሌላ ነገር ነው፦ ለእርስዎ ቅርብ የሆነችው ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሹፌሩን «ቀስ በል» የምለው ለዚህ ነው።

ከማሽኑ ኋላ መሬት ላይ የቀረውን ፍሬ ይቁጠሩ። በ1 ካሬ ሜትር 250 ገደማ ከሆነ በሄክታር 1 ኩንታል እየቀረ ነው። ክፍያውን የሚደራደሩት ያን ጊዜ ነው።