የይፋትን ታሪክ ከድሮ ፎቶ ማንበብ

ወጣቷ፦ አባባ፣ በይፋት ቆላ ስላለችው ስለ ሸዋ ሮቢት ልጽፍ የድሮ ፎቶና ፖስት ካርድ ስፈልግ የማገኘው ከላይ ያለውን የጣርማ በርን ተራራ ነው። ቆላውን ማን ረሳው?

አዛውንቱ፦ ፎቶ መንገድ ተከትሎ ይሄዳል፣ ልጄ። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከደሴ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው በዚሁ በኩል ነው። ኋላም ተራራውን በስቶ ዋሻ ሠራ፤ ሥራውን ደግሞ ለአገሩ ሰው ማሳየት ፈለገ። ፖስት ካርድ ለዚህ ይመቻል፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ወታደሩ ለእናቱ ይልከዋል። ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ግን ስሙ የትም አልተጻፈም።

ወጣቷ፦ ታዲያ የወራሪ ማስታወቂያ ለእኛ ምን ይረባናል?

አዛውንቱ፦ በጣም ይረባናል! አንሺው ያላሰበውም አብሮ ይነሣል። እሱ ዋሻውን ሲያነጣጥር ከጥጉ አህያ የሚነዳ ገበሬ ይገባል፤ የቤቱ ክዳን ሣር ይሁን ቆርቆሮ ታያለሽ። አስቀድመሽ ግን ካርዱን ገልብጪው። የፖስታ ቤቱ ማህተም የተላከበትን ቀን እንጂ ፎቶው የተነሣበትን አይነግርሽም፤ አንድ ፎቶ ለዓመታት ሲታተም ይኖራልና። የግርጌ ጽሑፉንም ዝም ብለሽ አትመኚ። የአሳታሚው ሰው አገሩን ላያውቀው ይችላል። ካርዱን ይዘሽ ቦታው ድረስ ሂጂ፤ የሸንተረሩን ጫፍ ከሥዕሉ ጋር አስተያዪ። ቤቱ ቢፈርስ፣ ዛፉ ቢቆረጥ ተራራው እዚያው ነው።

ወጣቷ፦ ከጣሊያን በፊትስ?

አዛውንቱ፦ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841፣ ካፒቴን ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በይፋት በኩል አንኮበር ወጣ። በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ ነበር፤ ሥዕሎቹ በ1852 ታትመዋል። ይፋትን በካሜራ ሳይሆን በእጁ ያስቀረልን እሱ ነው። የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲዘምት ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ፤ ጉዞው ግን በሰሜን ስለነበር እኛን አልነካንም። አርመኑ ፎቶ አንሺ ቦያጂያንም ቤተ መንግሥቱን ነበር የሚያነሣው። የይፋት ሡልጣኔት የድንጋይ መስጊዶች በእነ ኖራና አስባሪ ፈርሰው ሲቀመጡ፣ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ያጠኗቸው ገና በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ዋናው መንገድ አያልፍባቸውማ።

ወጣቷ፦ እንግዲህ የቆላውን ሰው የት ላግኘው?

አዛውንቱ፦ በየሳሎኑ ግድግዳና በየአልበሙ። የሰንበቴ ገበያ፣ የትምባሆ እርሻ ሠራተኞች፣ ሠርግና ምርቃት፣ የአርጎባው፣ የአፋሩ፣ የአማራውና የኦሮሞው ጉርብትና ያለው እዚያ ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ከቤተሰብ ፎቶዎች ተሰባስቦ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ለይፋት ይህን የሚከለክል ነገር የለም። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ዘንድም ሂደሽ የፎቶ ስብስቡን እይ፤ ግን መጀመሪያ ሰፈርሽን ጨርሺ።

ወጣቷ፦ ሳገኝስ ምን ላድርግ?

አዛውንቱ፦ ከአልበሙ ጋር የተጣበቀውን አትላጪው፤ ይቀደዳል። ያልተጣበቀውን ግን ፊቱንም ጀርባውንም በስልክሽ አንሺ። የፎቶ ቤቱ ማህተም ካለ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ አትዝለይው። ባለቤቱን አስፈቅደሽ፣ የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቦታውንና ዓመቱን ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፊ፤ እስክሪብቶ ወረቀቱን ያበላሸዋል። ዓመቱ ካልታወሰ «ከድርቁ በፊት»፣ «ከደርግ በኋላ» ይበቃል። ስሞቹን የሚያውቁት አሮጊቶቹና ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ እነሱ ካለፉ ፎቶው ስም የለሽ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ከመግባትሽ በፊት ዛሬውኑ ከአያትሽ ጀምሪ።